የላይል አርባ አምስት ደቂቃ

ላይል ስቴንስሩድ ሃያ ስድስት በጋ እሳት ላይ ሲሠራ አንድም ቀን "ደከመኝ" ብሎ አያውቅም። ይሄን ለሙገሳ አይደለም የምናገረው። ምነው ብሎ ቢሆን ኖሮ!

ኮልድ ፎርክ፣ ከተማችን፣ ከሞንታና ተራሮች ሥር ናት። ሰዉ ወይ እንጨት ይቆርጣል ወይ ከብት ያረባል፤ በጋ ሲመጣ ደግሞ (የእኛ በጋ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው) ከመካከላችን ሃያው ተሰብስበን ጫካ ወደተቃጠለበት እንሄዳለን። ውሃ ይዘን የምንሄድ የሚመስለው ሰው አለ። የምን ውሃ! የሞተር መጋዝ የያዘው ከፊት እየቆረጠ፣ ሌሎቻችን በመጥረቢያና በመቆፈሪያ ሣሩንና ሥሩን እየፋቅን፣ ባዶ አፈር ብቻ የቀረበት መስመር እናወጣለን። እሳቱ እዚያ ሲደርስ የሚበላው ያጣል። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ መቆፈር ነው፤ ሌላ ነገር የለውም።

ላይል መጋዝ ያዥ ነበር፤ እኔ ደግሞ እሱ የቆረጠውን ቅርንጫፍ ከኋላው እየጎተትኩ ከመስመሩ አወጣለሁ። ዘጠኝ በጋ እንዲህ አብረን ሠራን። በመጀመሪያው ዓመት ጫማዬ ተረከዜን ልጦት ተደብቄ ሳለቅስ አገኘኝ። ለማንም ትንፍሽ ሳይል መቆፈሪያዬንና ሻንጣዬን ከራሱ መጋዝ ላይ ደርቦ ተራራውን ወረደ። ታች ስንደርስ "ሮኒ፣ ወፍራም ካልሲ የሚባል ነገር እናንተ ቤት አይታወቅም?" ብቻ አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንደ አባቴ ነው ያየሁት።

ሚስቱ ጃኒን ትታው ከሄደች ቆይታለች። ክረምት ክረምት የመንገድ በረዶ በመኪና ይጠርጋል፤ ቤቱ ሲገባ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ፣ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። "ክረምት ላይ ሰው አይደለሁም" ይለኝ ነበር። "ግንቦት ሲመጣ ነው ነፍስ የምዘራው።"

ግንቦት ላይ ግን ፈተና አለ። አርባ አምስት ፓውንድ፣ ሃያ ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሰደርያ ለብሶ፣ ሦስት ማይል፣ አምስት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረውን፣ በአርባ አምስት ደቂቃ መራመድ። መሮጥ ክልክል ነው። ያላለፈ በጋውን ቤቱ ይቀመጣል፤ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራም ቢሆን ልመና አይሰማም።

በዚያ ዓመት ላይል ሃምሳ አራት ሞልቶት ነበር። ክረምቱን የሳንባ ምች አልጋ ላይ ጥሎት ከርሟል። በፈተናው ቀን ሁለተኛው ማይል ላይ ቆመና "ባቴን ያዘኝ" አለ። የቡድናችን ልጆች መቼ ይምሩታል!

"አያቴ፣ ምርኩዝ ይምጣልህ?"

"ተዉት እባካችሁ፣ ለምሳ ሰዓቱ ደርሶ ነው!"

"አንተ ሽንት ጨርቅ ታጥቀህ ስትድህ እሳት ሳጠፋ ነበር፤ ዝም በል" አለና ሳቀ። እኔ ግን ከንፈሩን አየሁት። ጠቁሯል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለተኛና የመጨረሻ ዕድል ተሰጠው። አለቃችን ክሌይ ስብሰባ ስለነበረበት ሰዓቱንና የውጤት ወረቀቱን ለእኔ ሰጠኝ። "አንቺ ያዢለት። ላይል አይደለ እንዴ፣ ያልፋል" ብሎ ሄደ። የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ እኔና ላይል ብቻ ነበርን።

የመጨረሻውን ዙር ሲጨርስ ሰዓቱ አርባ ሰባት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ይላል። ሣሩ ላይ በእጅና በጉልበቱ ተደፍቶ ሳል ጀመረው። ሳሉ ሲተወው ቀና አለ።

"ስንት ገባሁ?"

ሰዓቱን በእጄ ሸፈንኩት።

"ሮኒ፣ ስንት?"

"አላለፍክም፣ ላይል።"

ሰደርያውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። "አንድ በጋ" አለኝ። "አንድ በጋ ብቻ። ከዚያ በራሴ ጊዜ፣ ልጆቹን ተሰናብቼ እወጣለሁ። እንዲህ አታስወጪኝ።"

ይህ ሰው ማንንም ሲለምን አይቼ አላውቅም። እኔን ለመነኝ፤ አንጀቴን በላው። ወረቀቱ ላይ አርባ ሦስት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ብዬ ጻፍኩ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ እየዘመርኩ ቤቴ ገባሁ። እጄን በቆረጠው!

ሰኔንና ሐምሌን እንደምንም አለፍናቸው። ጠዋት ሌላው ጫማውን ሲያስር እሱ ቀድሞ መንገድ ይጀምራል። ትንፋሽ ሲያጥረው "ሰንሰለቱ ላልቷል" ብሎ ቁጭ ይልና ያልላላ ሰንሰለት ያጠብቃል። የመጋዙን ቤንዚን እኔ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። ሲያስለው "ጭስ ነው" እላለሁ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። ሁለታችንም ውሸቱን ለመድነው።

ነሐሴ ላይ ከአንድ ቀጥ ያለ ተዳፋት ወገብ ላይ መስመር እንድንቆፍር ተላክን። እሳቱ ከታች ነው። ማምለጫችን ደግሞ ከላይ፣ ባለፈው ሳምንት ተቃጥሎ ያለቀ ጉብታ ነበር፤ አንዴ የተቃጠለ መሬት ላይ እሳት ተመልሶ አይመጣም። እንዲህ ያለ ቦታ ስንሠራ ልማዳችን የታወቀ ነው። መቆፈር ሳንጀምር ከመካከላችን በጣም ቀርፋፋው ሰው ሙሉ ዕቃውን ተሸክሞ እስከ መሸሻው ይወጣል፣ ይለካል። ያ ሰዓት የሁላችን ሰዓት ይሆናል። ስንሸሽም እሱ ከፊት ይመራል፤ ማንም አይቀድመውም። ነውር የለውም፣ ሥራ ነው።

ክሌይ የግንቦቱን ወረቀት አወጣ። "ብሪን፣ አርባ አራት ከሠላሳ። ዘውዱ ያንቺ ነው፤ ውጪ።"

ብሪን ክረምት ላይ ሕፃናት የምታስተምር፣ አጭር፣ ሳቂታ ሴት ናት። "አጭር እግር ያለው ሰው እዚህ አገር መብት የለውም ማለት ነው?" እያለች ወጣች። በአሥራ አራት ደቂቃ ደረሰች።

"ጥሩ" አለ ክሌይ። "እሳቱ ያንን ግራጫ ቋጥኝ ካለፈ፣ እኛ ጋ ለመድረስ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ይፈጅበታል። ቋጥኙ ጋ ሲደርስ ሁሉን ጥለን እንወጣለን። ከብሪን የባሰ ቀርፋፋ አለ? ካለ አሁን ይናገር፤ ማንም አይስቅበትም።"

ላይል አጠገቤ ተቀምጦ የመጋዙን ጥርስ በሞረድ ይስላል። ሞረዱ ቆመ። አፌን ከፈትኩ። ዞር ብሎ አየኝ፤ በዚያ በሜዳው ዓይን፣ በልመናው።

"ሮኒ፣ ምን ልትይ ነበር?" አለኝ ክሌይ።

"ምንም" አልኩ።

ምንም! ያቺን ቃል ስንት ጊዜ መልሼ ልዋጣት ፈለግኩ።

ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ዞረ። ከማዶ ሆኖ እሳቱን የሚጠብቅልን የሌላ ቡድን ልጅ በሬዲዮ "ቋጥኙ ጋ ደርሷል! ውጡ! ውጡ!" እያለ ጮኸ። ብሪን ከፊት ሆነች፣ ክሌይ ከአጠገቧ፣ ሌላው ተከተለ። ስንሸሽ መጋዝ የያዘ ከኋላ ስለሚሆን መጨረሻ ላይ የቀረነው ላይልና እኔ ነን። ማንም አልሮጠም። በልማዳችን መሠረት፣ በብሪን እርምጃ፣ ልክ እንደተለካው ነበር የሚሄዱት።

እኛ ግን ወደ ኋላ መቅረት ጀመርን። መጀመሪያ አሥር እርምጃ፣ ከዚያ ሠላሳ። መጋዙን አስጣልኩት። ሻንጣውንም አስጣልኩት፤ እሳት ሲደርስ ከሥሩ የሚተኛበት መከላከያ ድንኳን ብቻ ወገቡ ላይ ቀረ። ክንዱን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ጎተትኩት። ትንፋሹ ሲያፏጭ ይሰማኛል። ከታች የእሳቱ ድምፅ አለ፤ ድንጋይ የጫነ መኪና ሲገለበጥ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ፣ የማያቋርጥ።

"ክሌይ!" ብዬ ጮህኩ። ራሴን እንኳ አልሰማሁትም።

ወደ ጉብታው ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ሲቀረን ላይል ወደቀ።

"ሂጂ።"

"ተነስ! ላይል፣ ተነስ፣ እለምንሃለሁ!"

"ብያለሁ ሂጂ! በእኔ የተነሳ እዚህ ብትቀሪ..." አልጨረሰውም። ደረቴን ገፋኝ። ከዚያ የድንኳኑን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ። ቁጥቋጦ መሃል ነው፤ እዚያ ድንኳን ምንም እንደማይረዳ እሱም እኔም እናውቃለን።

ሄድኩ። ትቼው ሄድኩ።

ላይ ስደርስ ክሌይ ይቆጥራል። "አሥራ ስምንት። አሥራ ዘጠኝ፣ ሮኒ።" ከኋላዬ አየ። "ላይልስ?" በሃያ ደቂቃ ይደርሳል ያልነው እሳት በአሥራ ስድስት ነበር የደረሰው። ለአሥራ ዘጠኛችን በቅቶናል።

በቀብሩ ቀን ብሪን የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ያዘችኝ። ሳምንቱን ሙሉ እህል አልቀመሰችም መሰለኝ፣ ፊቷ አልቋል።

"እኔ ነኝ የገደልኩት" አለችኝ። "ያን ጠዋት ስለካ ቀርፋፋ መባሉ አሳፍሮኝ ቸኮልኩ። ቀስ ብዬ ወጥቼ አሥራ ስምንት ደቂቃ ቢሆን ኖሮ፣ ክሌይ ቀደም ብሎ ያስወጣን ነበር። ስንሸሽም አንዴ እንኳ ዞር ብዬ አላየሁም። ሮኒ፣ እኔ ነኝ።"

ዝም ማለት እችል ነበር። ለሁለት ወር ተኩል ዝም ብያለሁ፤ ለምዶብኛል። እንባዋ አገጯ ላይ ሲንጠባጠብ ሳይ ግን ራሴን ተጠየፍኩት።

"አርባ ሰባት ከአሥር" አልኳት።

"ምኑ?"

"ላይል ግንቦት ላይ የገባበት። አርባ ሦስት ከሃምሳ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከፊት መሆን የነበረበት እሱ ነበር።"

ለቀቀችኝ። በጥፊ ብትለኝ ደስ ባለኝ። "ለክሌይ ንገሪው" አለችና ወደ ውስጥ ገባች።

ክሌይና ከቡድናችን አራት ልጆች የሬሳ ሳጥኑን ከመኪናው እያወጡ ነበር። ስድስተኛዋ ተሸካሚ እኔ ነኝ።

"ሮኒ፣ ነይ እንጂ" አለኝ ክሌይ። "አንቺን ነው የምንጠብቀው።"

አጠገቡ ቆሜ፣ እጀታውን ሳልይዝ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ሜዳውን፣ ወረቀቱን፣ "ምንም" ያልኩትን። ልጆቹም ሰሙ። ክሌይ ዓይኑን ከሳጥኑ ላይ አላነሳም። ወደ ኋላ ሄዶ የመጨረሻውን እጀታ ያዘ።

"ከፊት ያዢ" አለኝ። "ሁላችንም ባንቺ እርምጃ እንሄዳለን።"

ያዝኩ። ቀስ ብለን ገባን። ከዚያ ቀን ወዲህ ክሌይ አናግሮኝ አያውቅም።