በግራ እጅ የተሠራ የሻይ ጣባ

ከሸክላ ሠሪ ቤተሰብ ብወለድም ትምህርት ቤት ስለዋልኩ ጭቃ አልነካሁም ነበር። ባገባሁ በሳምንቱ አማቴ ወይዘሮ ባሎቴ ዶማና ጆንያ አስይዘው ቦዲቲ ከተማ አጠገብ ወዳለው የጭቃ ጉድጓድ ወሰዱኝ። ቆፍሬ ስወጣ ጉርሻ የሚያህል አንስተው በጣታቸው አሹት። «አሸዋ ነው። ተመለሽ» አሉኝ። የዚያን ቀን ሦስት ጊዜ ተመለስኩ።

ጭቃውን ከተፈጨ ገል ጋር እናቦካለን፤ ዕቃውን ያለ መዘውር በእጃችን እናቆማለን። ጠንከር ሲል በለስላሳ ድንጋይ እንፈትገዋለን፤ ከዚያ ሜዳ ላይ በገለባና በባሕር ዛፍ ቅጠል እንተኩሳለን። አማቴ የጣት ምልክት ያለበት ዕቃ ለገበያ አያወጡም ነበር።

ጎረቤቶቻችን ከእኛ ድስት ይገዛሉ፤ ሸክላ ሠሪ ስለሆንን ግን ቤታችን ገብተው ውኃ አይጠጡም። አማቴ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላወሩም። የመጣውን ሰው ደጅ ላይ አነጋግረው ይሸኙታል።

ዓይናቸው ጠፍቶ ሥራ ካቆሙ በኋላ፣ ሶዶ የምታስተምር ሃሩካ የምትባል ጃፓናዊት ሸክላ ሠሪ ቤታችን መጣች። ከጨርቅ ፈትታ ጥቁር የሻይ ጣባ አሳየችን። ጠማማ ነው፤ የጣት ምልክቱም አልጠፋም። እኛ ብንሆን እንሰብረው ነበር ብዬ አሰብኩ።

አማቴ ተቀብለው በሁለት እጃቸው ዳሰሱት፤ የግራ አውራ ጣታቸው ምልክቱ ላይ ልክ ገጠመ። በወላይትኛ «የሠራው ሰው ግራኝ ነው» አሉ። ተረጎምኩላት።

ሃሩካ እንባዋ መጣ። «አስተማሪዬ ነው የሠራው። አዎ፣ ግራኝ ነበር። አምና ሞተ» አለች።

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ጭቃ አምጪልኝ። ለዚች ልጅ ጣባ እሠራለሁ።»

ሦስት ሠሩ፤ ሁለቱ እሳት ላይ ተሰነጠቁ። በተረፈው ላይ የአውራ ጣታቸው ምልክት ነበር። ሳይተኮስ ላለሰልሰው ስል «ተዪው፤ እኔ መሆኔን ትወቅ» ብለውኝ ነበር።

ሃሩካ ልትወስደው ስትመጣ «ሻይ አለ? እዚህ ልጠጣበት» አለች።

«ቤት ውስጥ?» ሲሉ አማቴ ጠየቁኝ።

«አዎ፣ ቤት ውስጥ» አልኳቸው።

ጠጣችና እንደገና አስሞልታ ለእሳቸው አቀበለቻቸው። እሳቸውም ጠጡ።

በዚያው ክረምት አረፉ። ለቅሶ ከመጡት ጎረቤቶች ጥቂቶቹ ገብተው ተቀመጡ፤ የቀሩት ደጅ ዋሉ።

ዛሬ ይህን ሙያ ለሚጀምሩ ሴቶች የምለው አንድ ነው፦ የሠራችሁትን ዕቃ ከመሸጣችሁ በፊት ቤታችሁ ጠጡበት። የሚያፈስ ከሆነ መጀመሪያ እናንተ ታውቁታላችሁ።