በእንዶድ የታጠቡት ድንጋዮች

በ1950ዎቹ መገባደጃ ላይ ነው። ቀበና፣ እትዬ ጫልቱ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስኖር የደረሰብኝን ባስታወስኩ ቁጥር ብቻዬን እንኳ ብሆን ሳቄ ያመልጠኛል።

ያኔ አንድ የማዕድን ጥናት ቢሮ ውስጥ በሙከራ ተቀጥሬ ነበር። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሲል አለቃዬ ከዓባይ በረሃ የመጡ ዐሥራ ሁለት የኖራ ድንጋዮች ሰጡኝ። ውስጣቸው የጥንት ባሕር እንስሳት የዛጎል ስብርባሪ አለ። ምን ዓይነት ዛጎል እንደሆነ ለይቼ ሰኞ ማቅረብ ነበረብኝ። ካልሆነልኝ ስንብት ነው።

ቅዳሜ ድንጋዮቹን ቤት ወስጄ፣ በላያቸው የተጻፈውን ቁጥር እያየሁ ደብተሬን ሞላሁ። ሁሉን አዋቂ ነኝና ሰባቱን "ትንሽ ዛጎል" ብዬ አለፍኳቸው። እሑድ ጠዋት በሳፋ ደጅ ትቻቸው እንጦጦ ራጉኤልን ልሳለም ወጣሁ።

እትዬ ጫልቱ የሰው ልብስ አጥበው የሚተዳደሩ፣ እድፍ ሲያዩ የሚያማቸው ሴት ናቸው። ስመለስ ድንጋዮቼ አጥር ሥር ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ።

"አንተ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ አቧራ ተሸክመህ ቢሮ ልትገባ ነበር? በእንዶድ ፈትጌ አነጻሁልህ!" አሉኝ።

በቀለም የተጻፈው ቁጥር ሙልጭ ብሎ ሄዷል። ግን ፊታቸው በደስታ ሲያበራ እያየሁ ምን ልበል?

"እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ" አልኩ።

ደብተሬን ብገልጥ ሰባት "ትንሽ ዛጎል" አፍጥጦ ያየኛል። የትኛው የትኛው ነው? እንደገና ከመጀመር ሌላ መላ አልነበረኝም። ማጉያ መነጽሬን ይዤ ደጅ ተቀመጥኩ። አቧራው ስለለቀቀ ያልታየኝ ሁሉ ታየኝ። አንዱ ዛጎል እንደ ጉርድ ቀሚስ የተሸነሸነ፣ ሌላው ጥምዝምዝ፣ ሌላው ስስና ድርብርብ ነው። ዛጎል ብዬ የመዘገብኩት አንዱማ ስንጥቅ ውስጥ የገባ ነጭ ማዕድን ሆኖ ተገኘ። ለራሴ አፈርኩ። እስኪመሽ የእያንዳንዱን መልክ በዝርዝር ጻፍኩ።

ሰኞ ቁጥሩ በእጥበት መጥፋቱን ስናገር የአለቃዬ ፊት ጠቆረ። የየድንጋዩ መልክ ከነቁጥሩ የሰፈረበትን የራሳቸውን መዝገብ አውጥተው ከጻፍኩት ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። ዐሥራ ሁለቱም ቁጥራቸውን አገኙ። "ቋሚ ሆነሃል" አሉና "ሁለተኛ ድንጋይ እንዳታሳጥብ!" ብለው ሳቁ።

ለእትዬ ጫልቱ መቀጠሬን ስነግራቸው ምንም አልገረማቸውም።

"ታዲያስ! እኔ ባላጥብልህ ማን ይቀጥርህ ነበር?"

ለጎረቤቱ ሁሉ ይህንኑ አወሩ። እንዴት እንዳስደነገጡኝ አንድም ቀን ነግሬያቸው አላውቅም። ያኔ ዝም ያልኩት በይሉኝታ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ግን እውነታቸውን ነው።