የሰንሰለቱ ተራ

መንግሥት የሚፈልገው ሰው ይሸሻል፣ ይደበቃል፣ ሲብስበት «እኔ አይደለሁም» ይላል። እኔ ግን ወደሚፈልገኝ ሹም በገዛ እግሬ ሄጄ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ «እኔ ነኝ» አልኩት። ያውም ማንም ሳይጠይቀኝ።

የሆነው አዳማ ነው፤ ገና ናዝሬት ሳትባል። ሥራዬ መንገድ መሄድና ስለ መንገድ መጻፍ ነበር። የማንም ደመወዝተኛ አልነበርኩም። በሦስተኛ ማዕረግ ባቡር እመጣለሁ፤ በቅሎ እከራይና ዝዋይን፣ አርሲ ነገሌን፣ ሻሸመኔን ዞሬ ያየሁትን ጽፌ አዲስ አበባ ላለ ጋዜጣ እልካለሁ። ከወደዱት ያትሙታል፣ ካልወደዱት ስኳር ይጠቀለልበታል። በስሜ አልፈርምም፤ «መንገደኛው» ነው የምለው። እንዲህ ሲሆን ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ጊዜው ነሐሴ ነው። ከባቡር ወርጄ ጭቃውን ስሻገር የአዋሽ ኬላ ሹም ከቤቱ ደጅ ተቀምጦ፣ ጸሐፊው ጋዜጣ ሲያነብለት አየሁ። ቀረብ ብል የሚነበበው የእኔ ጽሑፍ ነው! የሚጽፍ ሰው አንባቢውን በዓይኑ የሚያየው ስንት ጊዜ ነው? ልቤ አበጠ።

«ጌታዬ፣ ወደዱት?» አልኩ።

«ምኑን?»

«ጽሑፉን ነዋ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሹሙ ቀስ ብሎ ቀና አለ። «መንገደኛው የሚባለው አንተ ነህ?»

«ካላመኑ ምላሴን ይዩ» ብዬ ጎልጉዬ አወጣሁለት። የዚያን ጊዜ እርሳሳችን በምራቅ ሲርስ ሐምራዊ ይሆን ስለነበር የጸሐፊ ምላስ የትም ይታወቃል።

ሹሙ ምላሴን ደህና አድርጎ አየና «ሦስት ሳምንት ፈለግንህ» አለ። ከዚያ ወደ ዘበኞቹ ዞሮ «ያዙት» አለ። ምላሴን ወደ አፌ የመለስኩት ክንዴ ከተያዘ በኋላ ነው።

የጻፍኩት ይህ ነበር። ግንቦት ላይ አንድ ነጋዴ ከአዋሽ ማዶ ቤታቸው ሁለት ቀን አሳድረውኝ ነበር። የወሎ ሰው ናቸው፤ ሚስታቸው የአርሲ ልጅ ነች፤ የሚነግዱት ቆዳና ቅቤ ነው። ስመለስ ኬላው ባለበት በትልቁ መሻገሪያ ሳይሆን ቁልቁል ወርደው በሌላ አሻገሩኝ። መሻገሪያው ቀረጥ የማይከፈልበት፣ ጉማሬ ብቻ የሚጠብቀው ነው። እኔም ቤቴ ገብቼ ቁጭ አልኩና ቦታውን እንዲያምር አድርጌ ጻፍኩ፤ ከትልቁ ሾላ በስተግራ መቶ እርምጃ፣ ውሃው ከጉልበት አያልፍም፣ ነጋዴ ሲሻገር የኬላው ሹም ዓይኑን ጨፍኖ መንገድ ይጠብቃል፣ እያልኩ። የነጋዴውን ስም ግን አልጻፍኩም። ይህንንም እንደ ጨዋነት ቆጥሬው ነበር። ጢማቸው በሒና የቀላ መሆኑንና የበቅሏቸው አንድ ጆሮ ነጭ መሆኑን ብቻ ነው የጨመርኩት። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ አንድ ጆሮዋ ነጭ የሆነ በቅሎ ስንት ትኖራለች? አንድ!

እስር ቤቱ የቆዳ መጋዘን የነበረ የቆርቆሮ ቤት ነው። ቆዳው ወጥቶ ሽታው ቀርቷል። ወለሉ ላይ የተረፈው ጨው እግር ይበላል። ዝናቡ ሲጥል ጣሪያው ይጮኻል፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ይጋገራል። ገፍተው አስገቡኝ፤ ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ መጀመሪያ ያየሁት ቀይ ጢም ነበር።

«አንተ ጸሐፊው! ሱብሃነላህ፣ አንተንም አመጡህ?» አሉኝ፤ ተጠግተውም ቦታ ለቀቁልኝ። «ምን አድርገህ ነው?»

«እኔም በወሬ ነው» አልኩ። እንግዲህ ፍረዱ፤ ይህ ውሸት አይደለም።

የእስረኛው ቁጥር ከሰንሰለቱ ስለሚበልጥ ሁለት ሁለታችንን ያስሩን ነበር። የእኔን ግራ እጅ ከእሳቸው ቀኝ እጅ ጋር ቆለፉት። መካከሉ ላይ ሁለት ክንድ የሚሆን ትርፍ ሰንሰለት አለ። በነጋታው ጠዋት ለመናፈስ ስንወጣ እሱን ሰብስበው ክንዳቸው ላይ ጠቀለሉት።

«መሬት ላይ ከተጎተተ ይጮኻል፤ ሲጮኽ ገበያው ሁሉ ይዞራል» አሉኝ። «መታሰሬን ይወቁ፣ ግድ የለም። ድምፁን ግን አልሰጣቸውም። ዛሬ እኔ፣ ነገ አንተ። ተራ በተራ።»

እንደዚያ ሆነ። ከባድ ሰንሰለት ነው፤ ክንድ ያደነዝዛል። በተራዬ ስይዝ አንዳንዴ ያመልጠኝና ቅጭል ይላል፤ እሳቸው ይቆሙና እስክሰበስበው ይጠብቁኛል።

ስለ መያዛቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያውቁት፤ ሰው ጠቁሟቸዋል። ሹሙ «ሁሉን እናውቃለን» ከማለት በቀር አልነገራቸውም፤ እሳቸውም ማንበብ አይችሉም።

«ያን መሻገሪያ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የሚስቴ ወንድምና አንተ» አሉኝ አንድ ቀን። «አንተ እንግዳ ነህ። እንግዳ የበላበትን ቤት አይሸጥም። ስለዚህ እሱ ነው።»

የወለሉን ጨው በጣቴ መፋቅ ጀመርኩ።

«ቅዳሜ ችሎት አለኝ» አሉ ቀጥለው። «በቅሎዬን ይወርሷታል፤ ይውረሷት። እኔ ግን ስወጣ እኅቱን ከነልጆቿ እመልስለታለሁ። ወላሂ፣ ከከሃዲ ጋር አልዛመድም።»

«ኧረ ይተዉ፣ እሱ ባይሆንስ?» አልኩ።

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው?»

እዚህ ላይ ነበር መናገር። ሰውየው በሁለት ክንድ ርቀት ላይ ናቸው፤ መሸሻ የለኝም፣ ሰበብም የለኝም። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር «ዘነበ» አልኩ። ይኸው ነው የተናገርኩት።

ያ የሚስት ወንድም ረጅም፣ ዝምተኛ የአርሲ ሰው ነው። ቀትር ላይ አዋሽን በትልቁ መሻገሪያ ተሻግሮ በእግሩ ይመጣል፤ በቅል ጭኮ ይዞ። የተቆላ የገብስ ዱቄት ነው፣ በቅቤ የታሸ። በሩ ላይ ቆሞ «አካም ጅርቱ» እያለ ደህንነታቸውን ይጠይቃል። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ቅሉ ሲገባ በእግራቸው ወደ እኔ ይገፉታል። «ብላው፤ እኔ አልቀምሰውም» ይሉኛል።

በላሁት። ፍልሰታ ነበር፤ ሕፃን እንኳ ይጾማል። ነውር አንዴ ከጀመረ ቅቤ አያቆመውም፤ አራት ቀን በላሁ። በአራተኛው ቀን ሰውየው በበሩ ሽንቁር አጎንብሶ በሹክሹክታ ጠየቀኝ።

«ይበላል? እኅቴ ትጠይቀኛለች።»

«ይበላል» አልኩ፤ አፌ ሙሉ ነበር።

ፊቱ በራ። «ገለቶሚ» ብሎ አመስግኖኝ ሄደ። በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤያለሁ፤ እንደዚያ ምስጋና ግን ያሳፈረኝ ስድብ የለም።

ቅዳሜ ደረሰ። ችሎቱ ከገበያው ማዶ ከትልቅ ግራር ሥር ነው፤ የእኔም ጉዳይ አብሮ ይታያል ተባለ። ሰንሰለቱን የመያዝ ተራው የእኔ ነበር። በቅቤ ሻጮቹና በእህል ሻጮቹ መካከል ሄድን፤ ዘበኛው ከኋላችን። መንገዱ ዳር ያ የሚስት ወንድም ቅሉን ታቅፎ ቆሟል። እሳቸው አዩትና መሬት ላይ እንትፍ አሉ። ሰውየው ራሱን ዝቅ አደረገ፤ ቅሉን ግን አልደበቀም።

«እሱ አይደለም» አልኩ።

«ምን?»

«የጠቆመው እሱ አይደለም። እኔ ነኝ። ጋዜጣ ላይ ጻፍኩት። ሾላውን፣ መሻገሪያውን፣ ጢምዎን…»

እጄ ላላ። ሰንሰለቱ ከክንዴ ተፈትቶ መሬት ወደቀና ጮኸ። ሚዛን የያዘችው ሴት ሳትቀር ገበያው በሙሉ ዞረ።

እሳቸው አልጮኹም። ጎንበስ ብለው ሰንሰለቱን ለቃቀሙት፣ ጭቃውን በኩታቸው ጠረጉና በራሳቸው ክንድ ላይ ጠቀለሉት። «ሂድ፤ ሰው እያየን ነው» አሉኝ።

ሄድን። ጥቂት እንደተራመድን ወደፊት እያዩ «በቅሎዬንም ጻፍካት?» አሉ።

«አዎ።»

«ጆሮዋን?»

«ጆሮዋንም። ግራው ነጭ ነው ብዬ።»

«ቀኙ ነው» አሉ።

እኔ እንግዲህ እርምጃ ቆጥሬ የምጽፍ፣ በዓይኔ የምመካ ሰው ነበርኩ! ቀኙን የነገሩኝ ይቅርታ ይሁን፣ ብልሃት ይሁን፣ ለበቅሏቸው ተቆርቁረው ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጸሐፊው ጽሑፌን አነበበ። ባማረ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሲያበቃ ዳኛው «ይህን ሰው ነው የጻፍከው?» አሉኝ።

«ጌታዬ፣ የጻፍኩት ውሸት ነው» አልኩ። «መሻገሪያ አላየሁም። ከጉልበት አያልፍም ያልኩት ውሃ ያው፣ ዛሬ ዝሆን ይወስዳል። በቅሎዋም ታስራ ያለችው ከሹሙ ግቢ ነው፤ ሄዳችሁ እዩ። እኔ ግራ ጆሮ ብያለሁ፣ የእሳቸው በቅሎ ቀኝ ነው። ሰውም በቅሎም ከራሴ ነው የፈጠርኩት።»

ዘበኛ ተልኮ ጆሮ አይቶ መጣ። «ቀኝ ነው» አለ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ።

ሹሙ ተነሣ። «ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል ያልከኝስ?»

«እሱንም ዋሽቻለሁ ጌታዬ፤ ሁለቱም ዓይኖችዎ ደህና ናቸው።»

ግራሩ ሥር ያለው ሁሉ ሳቀ። ሁለት ወር ታሰር ተባልኩ፤ ያመጣብኝ ይህ ሳቅ ይመስለኛል። ሐሰተኛ መሆኔን በዚያው ጋዜጣ ላይ በእጄ ጽፌ እንዳወጣም ተፈረደብኝ። ብዙ ያጋነንኩባቸው ጽሑፎች ነበሩኝ፤ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ውሸት ነው ብዬ የማልኩት ያየሁትን የጻፍኩበትን ነው። ከጆሮዋ በቀር።

ዳኛው ወደ ባለ ቀይ ጢሙ ዞሩ። «ዋስ ካለህ ከነበቅሎህ ሂድ።»

ያ ረጅም ሰው ከሕዝቡ መካከል ቅሉን እንደታቀፈ ወጥቶ «እኔ አለሁ» አለ። እሳቸው ወደ እሱ ዞረው «አለኝ» አሉ። እዚያው ቆመው በግራ እጃቸው ከቅሉ ቆንጥረው በሉ።

ቁልፉ ሲከፈት ከክንዳቸው የፈቱትን ሰንሰለት እጄ ላይ አስቀመጡት። ዓይን ዓይኔን እያዩ «ተራው ያንተ ነበር» አሉኝ። በነጋታው ቀትር ላይ ቅል የያዘ ሰው በሩ ላይ አልቆመም። ደግ አደረጉ።

ከእስር ስወጣ ፈልጌያቸው ነበር፤ ወደ ላይ ወደ አርሲ ወጥተዋል ተባለ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ሰው ተበተነ። ዛሬ አዋሽ ላይ ድልድይ አለ፤ መኪናው ይሻገራል፣ የሾላውን ቦታ የሚጠይቀኝ የለም። እኔም አርጅቼ በራሴ ላይ እያላገጥኩ እኖራለሁ። በገበያ መካከል ስሄድ ግን የግራ ክንዴ ሳላዘው እጥፍ ይላል፤ የሚሰበስበው ነገር ያለ ይመስል። በተራዬ ሳልይዘው የቀረሁት ከቆዳው መጋዘን እስከ ግራሩ ካለው መንገድ ግማሹን ቢሆን ነው። እሱን አልከፈልኩም።