ኢንገር ሳታዝለኝ ሄደች

የልጅ ልጄ ሳምሪ የቴኒስ ኳሷን ባነጠረች ቁጥር ጀርባዬን ይበላኛል። ምክንያት አለኝ፣ ልንገራችሁ።

ልጅ ሆኜ ሲዳሞ፣ ሚሽን ግቢ አጠገብ ነበር የምንኖረው። የኖርዌዩ ሐኪም ልጅ ኢንገር እኩያዬ ናት። በአጥሩ ሾልካ ትወጣና ወንዝ ዳር፣ የበሰለ ዘይቱን እየሸተተን፣ በጠጠር ቅልብልቦሽ እንጫወታለን። የተሸነፈ ያሸነፈውን እስከ ግቢው በር ያዝላል። ሕግ ነው! እጇ መብረቅ ነበር። ሁለቴ አሸነፈችኝ፣ ሁለቴ አዘልኳት። ስትከብድ! ደግሞ በተረከዟ ትኮለኩለኛለች።

በሦስተኛው አሸነፍኳት! ጎንበስ ስትልልኝ አባቷ ተጣራ። «ነገ አዝልሻለሁ» ብላ እየሳቀች ሮጠች። በነጋታው አገራቸው ገቡ። እኔ በሰፈሩ ልጆች «የፈረንጅ በቅሎ» ተብዬ ቀረሁ። ሠርጌ ላይ ሳይቀር ዘፈኑብኝ። አያቴ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይሉ ነበር፤ እኔን አይተው መሰለኝ።

ለካ ያቺ እጅ የቴኒስ ፕሮፌሽናል ሆና ዓለምን ስትዞር ኖራለች። ሳምሪ አምና ስልኳ ላይ የድሮ ጌሞቿን ስታይ «አያቴ፣ ይቺ ኖርዌያዊት እኮ ኢትዮጵያ ነው ያደገችው» አለችኝ። አገጯን አወቅኩት! አንድ በአንድ አየኋቸው። በተሸነፈች ቁጥር እልል ስል ታች ያለችው ጎረቤቴ ሠርግ መስሏት በር አንኳኳች። መጨረሻ ላይ ጉልበቷን ይዛ ወደቀች፤ ጨዋታዋም በዚያው አበቃ።

«እሰይ! ሳያዝል የሄደ ጉልበት!» አልኩ።

«አያቴ፣ ሶ ሚን ነሽ፣ ክፉ!»

«ነኝ! አሁኑኑ ፈልገሽ ቴክስት አድርጊላት። ማዘል አለብሽ በያት።»

መልስ መጣ። ባለፈው ወር እኛ ወዳለንበት ፎርት ዎርዝ የልጆች ቴኒስ ውድድር ልታይ ስትመጣ ኤርፖርት ተቀበልኳት። እዚያ የምትሠራው ልጄ ለእንግዳዋ ብላ ዊልቸር ይዛለች። ኢንገር ሽበት ብቻ ሆና፣ እያነከሰች ብቅ ስትል ዊልቸሩ ላይ እኔ ቁጭ!

«እማዬ፣ ኧረ ነውር ነው!» አለች ልጄ።

ኢንገር ግን ገባት። በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ «ነገ ብዬሽ ነበር አይደል?» ብላ እጀታውን ያዘች። እኔም «መጭ፣ በቅሎዬ!» እያልኩ እስከ ፓርኪንግ ነዳኋት።

ያኔ ዳገት ወጥተን እንኳ አንደክምም ነበር። አሁን ፓርኪንጉ ጋ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ስም ያወጡልኝ ልጆች ቢያዩኝ ብዬ ዞርኩ፤ አንዳቸውም በሕይወት የሉ። በቅሎነቴን የምታውቅ እሷ ብቻ ቀርታለች። ተነስቼ አስቀመጥኳትና እስከ መኪናው ገፋኋት። ይኸው ሦስተኛ ማዘሌ! ስትመለስ ተራው የሷ ነው፤ አሁንም ሳታዝለኝ ብትሳፈር ወዮላት።