ቅዳሜ ጭስ የማይወጣበት ቤት

የአማርኛ መምህራችን «ጽሑፍሽ ዓርብ በሚኒ ሚዲያ ይነበባል፣ የምታነቢውም ራስሽ ነሽ» ሲሉኝ የአዲሱን ክፍል ግድግዳ እየመረግን ነበርና በደስታ ስዘል የያዝኩትን ጭቃ ዩኒፎርሜ ላይ ደፋሁት። ጓደኞቼ ሳቁብኝ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ የእርጥቡ ጭቃ ሽታ አፍንጫዬ ገባ። እትዬ ወርቄ ትዝ አሉኝ፤ የጻፍኩትም ስለ እሳቸው ነው።

እትዬ ወርቄ ከራቤል ወዲህ ባለችው መንደራችን ሸክላ የሚሠሩ ሴት ነበሩ። እንስራው፣ ገንቦው፣ ድስቱ ሁሉ ከእሳቸው እጅ የወጣ ሆኖ ሳለ ደጃፋቸውን የሚረግጥ አልነበረም፤ «ጠይብ ናት፣ ዓይኗ ይበላል» ይባላል። ከመንደሩ እናቴ ብቻ የምታውቀው ሌላ ነገር ነበር፦ እትዬ ወርቄ በደጅ ክርስቲያን፣ በቤታቸው ግን እንደ አያቶቻቸው ቤተ እስራኤል ናቸው፣ ቅዳሜ እሳት አያነዱም። ይህ ቢታወቅ መሬቱንም መቃብሩንም ይከለከላሉ። ስለዚህ በቅዳሜ ገበያ ሸክላቸውን የምትሸጥላቸው እናቴ ነበረች፤ «ወርቄስ?» ሲሏት «ወገቧን አሟት» ትላለች። የእትዬ ወርቄ ወገብ ሳምንቱን ሙሉ ደህና ከርሞ ቅዳሜ ሲደርስ ሕመሙ የሚነሣበት ጉደኛ ወገብ ነበር። እሳቸው ደግሞ እሑድና የማርያም ዕለት፣ የእኛን በዓል አክብረው፣ የሸክላ አፈር አይወቅጡም።

እኔ ከልጃቸው ከይመኙ ጋር እጫወት ነበር። ውኃ ስትሰጠኝ ጣሳው እጄን እንዳይነካ ከላይ ታንቆረቁርልኛለች።

«ምነው፣ እጄ ያስጠላል?»

«እናንተን ከነካን መታጠብ አለብን።»

«ኧረ ባክሽ! እናንተን የማንነካው እኛ ነን!»

«እሱ ለእናንተ የተነገረው ነው።»

ማን ማንን እንደሚጸየፍ ስንከራከር ቆይተን ጭቃ መወራወር ጀመርን፣ ሁለታችንም አንድ መልክ ስንሆን ክርክሩ አበቃ።

በዚያ ክረምት፣ የጓሳ ተራራ ንፋስ አጥንት ሲሰብር፣ ታናሽ ወንድሜ ታምሬ ታመመ። ቅዳሜ ጠዋት ትንፋሽ አጠረው። ሰው ተሰበሰበ፣ ወሬው ከእኛ ቤት ወጥቶ እትዬ ወርቄ ደጅ ቆመ። ጎረቤታችን አያ ሸዋንግዛው ዱላቸውን ይዘው ከፊት ነበሩ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ዘግተሽ ጨለማ ውስጥ የማንን ልጅ ነው የምትበዪው?»

እናቴ ነጠላዋ መሬት እየጠረገ ሮጠች፣ እኔም ተከተልኋት። «ኧረ አያ፣ ልጄን ብርድ ነው የመታው! እሷ ወገቧን አሟት ነው!»

«ወገቡን ያመመው ሰው እሳት አይሞቅም? ጭሷ የታለ?»

እናቴ አፏን ከፈተች። እትዬ ወርቄ ከበሩ ስንጥቅ ውስጥ አይተዋት «አትናገሪ» በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እኔና እናቴ ብቻ ያየነው ትንሽ እንቅስቃሴ። እናቴ አፏን ዘጋች። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ድንጋይ እንስራውን መታ።

በሰንበታቸው መንገድ አይሄዱምና በዚያ ቀን እንኳ አልሸሹም፤ በስብርባሪው መሐል ተቀምጠው ዋሉ። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ቤቱ ባዶ ነበር፣ ይመኙም የለች። ታምሬ የዳነው አባቴ በፈረስ ጤና ጣቢያ ወስዶት በመርፌ ነው፤ የሳንባ ምች ነበር። ዛሬ ኳስ እየለጋ የሰው ገብስ ይረግጣል። ይቅርታ ያለ ሰው ግን አልነበረም፣ ይቅርታ የሚባለውም ሰው ሄዷል።

አሁን መንደራችን ውኃ የሚቀዳው በቢጫ ጀሪካን ነው፣ ውኃውም ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል። እናቴ አፉ የተሸረፈ ገንቦ አላት፣ የገብስ ዘር ታስቀምጥበታለች። ቅዳሜ ጠዋት ሣር ወደበላው የእትዬ ወርቄ ግቢ ቆማ ታያለች፤ «ያኔ ብናገር ኖሮ…» ትልና አትጨርሰውም። ብትናገር ምን ይሻል እንደነበር እኔም እስካሁን አላውቅም። ለዓርብ የጻፍኩትን ሳነብላት ግን «አሁንስ ማንም አያገኛቸውም፤ አንብቢው» አለችኝ።

እንግዲህ የመንደሬ ሰዎች፣ ዓርብ ከባንዲራ በኋላ ትምህርት ቤት ኑ። አያ ሸዋንግዛው፣ እርስዎም ይምጡ። ስትመጡ ከየቤታችሁ የእትዬ ወርቄን ሸክላ ያዙ፣ የተሰነጠቀም ቢሆን፤ መቼም የሌለው ቤት የለም። ውኃውን እኔ እቀዳለሁ፣ ከእጅ ወደ እጅ እንቀባበላለን።