በአማቱ ዛፍ ላይ የተገኘው ተፈናጣሪ

ሰፈሩ «ተባዩ» ይለዋል። ዕድሜውን ነፍሳት ሲያጠና ስለጨረሰ ነው እንጂ ሰውዬው ማንንም ነክሶ አያውቅም። መሥሪያ ቤቱ የሰጠው አንድ ጠባብ ክፍልና አምፖሉ የተቃጠለ ማይክሮስኮፕ ነው። ብርሃን ሲያጣ ማይክሮስኮፑን እንደ ሕፃን አቅፎ ወደ መስኮት ይሮጣል፤ ደመና ከመጣ ሳይንስ እዚያው ላይ ይቆማል። አምፖል ይቀየርልኝ ባለ ቁጥር አለቃው «ለመሆኑ የነፍሳቱ ጥቅም ምንድን ነው?» ይለዋል። የአለቃው ጥቅም ምን እንደሆነ ግን እስካሁን የጠየቀ የለም።

አንድ እሑድ ከሚስቱ ጋር አማቱን ሊጠይቅ ሄዶ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር እንደተቀመጠ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያክል፣ ከኋላው እንደ ጥጥ ክር ያለ ነጭ ጭራ የሚጎትት ነገር እጅጌው ላይ ዘሎ ዐረፈ። የዛፍ ጭማቂ እየመጠጠ የሚኖር ተፈናጣሪ ነው። ባዶ የክኒን ብልቃጥ ውስጥ ከተተው። በማግስቱ መስኮቱ ሥር አጉልቶ ሲያየው ግንባሩም ክንፉም እስካሁን ከሚታወቁት ከአንዳቸውም ጋር አልገጥም አለ። አዲስ ዝርያ ብቻ ቢሆን ደግ፤ ይሄ አዲስ ወገን ነው። ዝርያ አንድ ልጅ ከሆነ ወገን ሙሉ ቤት ነው።

ከዚያ ወዲህ የአማቱ ናፍቆት ጸናበት። ሚስቱ፣ የዋህ፣ እናቴን ወደደልኝ ብላ ደስ አላት። እየተመላለሰ ቅጠሉን በመረብ ቢያስስም የያዘው ሁሉ ወንድ ሆነ። ጽፎ የላከላቸው ሊቃውንትም ሴቷ ሳትታይ ወገኑን አንቀበልም ብለው መለሱለት።

አማቱ ደግሞ በዚያው ሰሞን መድኃኒት የሚረጭ ሰው ጠሩ። ተፈናጣሪው የመጠጠውን ጭማቂ እንደ ማር የሚያጣብቅ አድርጎ ከኋላው ይለቀዋል፤ ከዛፉ ሥር ደግሞ የልብስ ማስጫ ገመድ አለ። የሴትዮዋ አንሶላ የሚታጠፈው ከነጉንዳኑ ነበር።

ተባዩ እያለከለከ ሲደርስ ረጪው መርጫውን በጀርባው አዝሎ ቆሟል። ለመነ፣ አስረዳ፤ ይህ ወገን ሌላ ቦታ ታይቶ እንደማያውቅ፣ ዛፉ ከተረጨ ሴቷን ሳያገኝ ልፋቱ ሁሉ ገደል እንደሚገባ ተናገረ። አማቱ እጃቸውን አጣምረው ሰሙት።

«ቅንጣት የምታህል ነገር፣ ወንድ መሆኑን በምን ዐወቅህ?» አሉት።

ላብ አጠመቀው። የእነዚህ ነፍሳት ጾታ የሚለየው ብልታቸውን ፈልቅቆ፣ አጉልቶ በማየት ነው። ይህ ለአማት የሚነገር ነው? ዛፉን አየ፣ ረጪውን አየ፣ መሬት መሬቱን አየ።

«ያው… ከታች ነው፣ እማማ።»

ረጪው ሳቁን ሊውጥ ፊቱን አዞረ።

«ልጄን የሰጠሁህ እዚያ እዚያ እንድታይ ነው?» አሉ አማቱ። ከዚያ ረጪውን አሰናበቱት። «መድኃኒቱ ይቅር። አንሶላውን ግን ከዛሬ ጀምሮ አንተ ታጥባታለህ።»

ቅዳሜ ቅዳሜ እጅጌውን ሰብስቦ ያጥብ ጀመር። ጎረቤቶች በአጥር እያሾለቁ ተባዩ ተድሮ መጣ ብለው ተሳለቁበት። ይሳለቁ! አንድ ቅዳሜ አንሶላ ሲያሰጣ፣ ገመዱ የታሰረበት ግንድ ላይ ቅርፊት መስላ የተለጠፈች ነገር ወደ ላይ ስትድህ አየ። ክንፏ አጭር ነው፤ አትበርም፣ ቅጠል ላይም አትወጣም። እሱ ሽቅብ መረብ ሲያወናጭፍ ሴቲቱ አፍንጫው ሥር ነበረች። የሳሙና አረፋ በእጁ እንዳለ ያዛት።

ወገኑ ጸደቀ፣ ታተመ። አለቃው በስብሰባ «ተቋማችን ያገኘው» እያለ ደረቱን ነፋ፤ አምፖሉን ግን አልቀየረም። አፉ ለምስጋና የሚፈጥን፣ እጁ ለሥራ የማይዘረጋ አለቃ ነው የጨረሰን!

ተባዩ አማቱ ዘንድ ሄዶ አመሰገነ። ነፍሳቱ ወንዝ ዳር ባሉ ዛፎች ላይም ስለተገኘ፣ ከእንግዲህ ይህን ዛፍ ቢያስረጩት እንደማይከፋው በትሕትና ነገራቸው።

አማቱ ገመዱ ላይ እንደ ወተት የነጣውን አንሶላ አዩ።

«ምን በወጣቸው! የእግዜር ፍጡር አይደሉ እንዴ? ዛፌን ማንም አይነካብኝም» አሉ። «ይልቅ ቶሎ በል፤ የትራስ ልብሱ ተዘፍዝፎልሃል።»