አባቴ የቆጠረው መብረቅ

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቤታችን ውስጥ ማንም አይናገርም ነበር። አባቴ ከጓዳው አጠገብ ወዳለችው ጠባብ ክፍሉ ይገባል፣ በሩን ገርበብ ያደርጋል፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ይደፋና የአሮጌ ሬዲዮውን መርፌ ጣቢያ ወደሌለበት ቦታ ያዞረዋል። ከዚያ አሥር ደቂቃ ይቆጥራል። የሚቆጥረው መብረቅ ነው። መብረቅ ከዓይን በራቀ ሰማይ ላይ እንኳ ሲፈነዳ ሬዲዮ ውስጥ «ጣ» ይላል። አባቴ ይህን የተማረው በወታደርነቱ ዘመን የሬዲዮ ኦፕሬተር ሆኖ ሲሠራ ነው። ጡረታ ወጥቶ ጦር ኃይሎች አካባቢ ከነበረው ቤታችን ወደ አየር ጤና ጀርባ ስንዛወር ከሥራው ይዞት የመጣው ይህንን ልማዱን፣ አንድ ሩቅ አቅራቢ መነጽርና በማዳመጫ ብዛት ግማሹ ያለቀ ጆሮውን ነው።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ ፀሐይን ይስላል። መነጽሩን አጥር ላይ ከተቸነከረ እንጨት ጋር አስሮ ብርሃኑን ነጭ ወረቀት ላይ ያሳርፋል። ወረቀቱ ላይ የብርጭቆ አፍ የምታህል ፀሐይ ትወጣለች፤ ፊቷ ላይ ያሉትን ጥቁር ነጠብጣቦች በእርሳስ አንድ በአንድ ያስቀምጣቸዋል። በመነጽሩ ቀጥታ ማየት ዓይን ያጠፋልና አንድ ቀን ልሞክር ስል እጄን መትቶኛል። ያኔ ትልቅ ሰው፣ ደመወዝተኛ አስተማሪ ነበርኩ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። የፀሐይ ነጠብጣብ በአሥራ አንድ ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ይበዛል፣ መልሶ ይሳሳል። ሲበዛ የሰማዩ ኤሌክትሪክ ይለወጣል፤ የሰማዩ ኤሌክትሪክ ሲለወጥ መብረቁ፣ መብረቁ ሲለወጥ ዝናቡ ይለወጣል ባይ ነው። በዚህ ጉዳይ የሚከራከሩ ሳይንቲስቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ተማሪ ሲጠይቀኝ «ትንሽ ተጽዕኖ ሊኖር ይችላል፣ ገና አልተቋጨም» ብዬ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አልፋለሁ። አባቴ ግን «ገና አልተቋጨም» ሲባል ስሙ የተጠራ ነው የሚመስለው። «ካልተቋጨማ የሚቆጥር ሰው ጠፍቶ ነዋ!» ይለኛል።

ሰፈሩ በፀሐይ ዑደት ተጨንቆ አያውቅም። ለሰፈሩ አባቴ ዝናብ የሚያውቅ ሰው ነው። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሲል በራችን ላይ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ብርድ ልብስ ልታጥብ ያሰበች፣ ድንኳን የሚተክል፣ ሲሚንቶ የሚያቦካ። ብዙ ጊዜ የምትመጣው ግን ከታች ያለችው ጎረቤታችን ናት። በርበሬ አድርቃ፣ አስፈጭታ፣ እየቸረቸረች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። «አባባ፣ ዛሬ ላስጣው ወይስ ይቅርብኝ?» ትለዋለች። የቆጠረው ብዙ ከሆነ «አንሺው» ይላታል፤ ጥቂት ከሆነ «አስጪው»። ብዙውን ጊዜ ልክ ይሆናል። እኔን ያዘናጋኝም ይኸው ነው።

ዘንድሮ መጋቢት ላይ ሠላሳ አንድ ደብተር አልጋዬ ላይ ደረደረልኝ። ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው።

«ፀሐይ ሁለት ዙሯን ጨረሰች፤ እኔም ጨረስኩ» አለኝ። «በንጹሕ ገልብጪልኝና የአየር ጠባይ ለሚያጠኑት ሰዎች እንውሰደው። ሳልሞት አንድ የሚያውቅ ሰው ይየው። ከንቱ ከሆነም ከንቱ ነው ይበለኝ።»

የመጨረሻውን የተናገረበት ድምፅ ግን ከንቱ ሊባል ይችላል ብሎ የሚያምን ሰው ድምፅ አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር ደክሞኝ ነበር። አሁንም ደክሞኛል። ክፍል ውስጥ ስጮህ ውዬ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ቤት ስገባ ያልታረመ የፈተና ወረቀት ይጠብቀኛል። በዚያ ላይ የሃያ ሁለት ዓመት መብረቅ ተጨመረልኝ። እምቢ ለማለት ግን አልደፈርኩም። ትምህርት ቤታችን ከጣላቸው አሮጌ የስም መጥሪያ ቅጾች አንድ ጥቅል ይዤ መጣሁ። ቅጹ ከሰኞ እስከ ዓርብ ዓምድ አለው፤ ቅዳሜንና እሁድን በማስመሪያ ጨመርኩበት። አባቴ ቀኖቹን የጻፋቸው ከላይ ወደ ታች፣ አንዱን ከአንዱ ሥር ነበር። እኔ ሳምንት በሳምንት ወደ ጎን ገለበጥኳቸው። ሌላ ያደረግኩት ነገር የለም።

አራተኛው ወር ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። እኔው ያሰመርኩት የእሁድ ዓምድ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሰኞ አርባ፣ ማክሰኞ ሠላሳ ስምንት፣ ረቡዕ ሃምሳ፤ እሁድ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ሁለት፣ ዜሮ። ወደ ሌላ ዓመት ዘለልኩ። ያው ነው። ከእሁድ ውጪ ባዶ የሆኑትን ሳይ ደግሞ ወር በገባ በአሥራ ሁለትና በሃያ አንድ ናቸው። እንግዲህ የሰፈራችን ሰማይ እሁድ ያርፋል፣ ሚካኤልንና ማርያምንም ያከብራል ማለት ነው። ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ቀረ፤ እሁድን፣ ሚካኤልንና ማርያምን የሚያከብር ሰው የት እንዳለ ትዝ አለኝ።

ከአባቴ ክፍል ግድግዳ ማዶ ብየዳ ቤት አለ። እዚህ ሰፈር ስንገባም ነበረ፤ ከመልመዳችን ብዛት ድምፁን መስማት ካቆምን ቆይተናል። በብረቱ ላይ የሚፈነጥቀው የብየዳ ብልጭታ ትንሽ መብረቅ ነው፤ ሬዲዮ ውስጥም እንደ ትልቁ ይንጣጣል። ደህና ጆሮ ሁለቱን ይለያቸው ይሆናል። የአባቴ ጆሮ መለየት ካቆመ ግን ብዙ ዘመኑ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ብየዳ ሲቆጥር ከኖረ ዝናቡን እንዴት አወቀው? በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ወደ በያጁ ጎራ አልኩ። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚያወራ ሰው ነው።

«ደመና ሲመጣ ሥራ ታቆማለህ?» አልኩት።

«ምን ነካሽ ቲቸር! እንዴት አቆማለሁ? ይኸው እንደምታዪው ጣራ የለኝም። ወጨጫ ተራራ በኩል ሲጠቁር ካየሁማ እንደ እብድ ነው የምበይደው፤ ዝናቡ ሳይቀድመኝ ልጨርስ ብዬ ነዋ።»

አባቴ ሃያ ሁለት ዓመት የቆጠረው የዚህን ሰው ጥድፊያ ነበር። በያጁ ሰማዩን በዓይኑ ያያል፣ ይጣደፋል፤ አባቴ ጥድፊያውን በሬዲዮ ይሰማል፣ በርበሬ አንሺ ይላል። ቀና ብሎ ወደ ተራራው ቢያይ ኖሮ ያው ነበር።

ያኔውኑ ቤት ገብቼ ልነግረው ይገባኝ ነበር። አልነገርኩትም። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ሳላረጋግጥ አልናገርም የሚል ነው፤ እውነተኛው ምክንያት ግን ፈራሁ፣ ደግሞም ልክ መሆኔን በዓይኔ ማየት አማረኝ።

«ሐሙስ ከሩብ ጉዳይ ለዘጠኝ እስከ ዘጠኝ ተኩል አትበይድልኝ። ለምን አትበለኝ» አልኩት በያጁን።

«አንቺ ካልሽ ይሁን» አለ።

ሐሙስ የጠዋት ፈረቃ ስለነበርኩ ቤት ነበርኩ። ሚያዝያ ነው፤ በልጉ አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይቀራል። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ በወጨጫ በኩል መጥቆር ጀመረ። በያጁ ቃሉን ጠብቆ ያልጨረሰው የብረት በር ላይ ተደግፎ ሰማይ ሰማዩን ያያል። አባቴ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማዳመጫውን ደፋ። አሥር ደቂቃው ሲያልቅ ፊቱ ግራ የገባው ሰው ፊት ሆኖ ወጣ። ጎረቤታችን ጆንያዋን ይዛ በር ላይ ቆማለች።

«አባባ፣ ደመናው አላማረኝም። ዛሬ ምን ይላሉ?»

አባቴ ደመናውን አየው። ከዚያ በእጁ የያዘውን ደብተር አየ።

«አራት ብቻ ነው» አላት። «አራት ቆጥሬ የዘነበው ከስንት አንዴ ነው። አስጪው ልጄ።»

እኔ እዚያው ነበርኩ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ወረቀት አርማለሁ። «ተይው፣ ዛሬ አታስጪ» ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር።

አሥር ሰዓት ሳይሞላ ወረደ። ነጎድጓድ የበዛበት አልነበረም፤ ዝም ብሎ የሚያጥብ ዝናብ ነበር። በርበሬው የተሰጣበት ሸራ ውሃ ቋጥሮ ጫፉ ሲረገጥ ቀዩ ውሃ ወደ ቦዩ ፈሰሰ። ሁላችንም ወጥተን በእጃችን ዛቅን። አባቴም ወጣ። ተንበርክኮ፣ ቆቡ እላዩ ላይ በስብሶ፣ እርጥብ በርበሬ ወደ ጆንያ ይከታል፤ እጁ እየተቃጠለ፣ ዓይኑን ባሸ ቁጥር እየባሰበት። ጎረቤታችን «ምንም አይደል አባባ፣ እርስዎ ይግቡ፣ ብርድ ይመታዎታል» ትላለች፤ እሱ ግን «ይቅር በይኝ፣ ይቅር በይኝ» ከማለት ሌላ አልወጣውም። አጥር ተሻግሮ ሊያግዘን የመጣው በያጅ ቀና ብሎ አየኝ፣ መልሶ በርበሬው ላይ ጎንበስ አለ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

እጁን በዘይት አሽቼለት፣ ፎጣ አልብሼው፣ ያን ጊዜ ነገርኩት። የእሁዱን ዓምድ አሳየሁት። ስለ ሚካኤልና ስለ ማርያም፣ ስለ በያጁ ጥድፊያ፣ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብየዳውን ያስቆምኩት እኔ መሆኔን ጭምር አንዱንም ሳልደብቅ ነገርኩት። የስም መጥሪያውን ቅጽ ወደ ዓይኑ አቅርቦ ረጅም ጊዜ አየው።

«ፀሐይዋስ?» አለ።

«ፀሐይዋ ልክ ናት። ፀሐይን የሚበይድ ጎረቤት የለንም» አልኩት፤ ልቀልድ ሞክሬ ነበር።

አልሳቀም። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሰኞ ዕለት።»

«ሰኞ» አለ። «ለበያጁ አቁም ብለሽው፣ ለእኔ ሳትነግሪኝ። እኔን እንደ ተማሪ ፈተንሽኝ።» ቅጹን አጥፎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «ብትነግሪኝ ኖሮ እኔው ራሴ ሄጄ አቁምልኝ እለው ነበር። አብረን እንቆጥር ነበር። የዚያች ሴትዮ በርበሬም አይበላሽም ነበር።»

ከንቱ እንዳይባል የፈራሁለት ሰው ከንቱ መባሉን ይችለው ነበር። ያልቻለው እኔ ከግድግዳው ማዶ ሆኜ እሱን መፈተኔን ነው።

በማግስቱ ሬዲዮው በጨርቅ ተሸፍኖ አገኘሁት፤ በቃ አበቃ አልኩ። የሐሙስን ደብተር ልዘጋ ስል ግን ቀኑ ላይ የጻፈውን አየሁ። እንደ ሁልጊዜው አሳጥሮ፦ «ዘጠኝ ሰዓት። አራት። ዘነበ። ብየዳ ልጄ አስቁማ ነበር።» በእኔ ላይ ምን ያህል እንደከፋው አውቃለሁ፤ መዝገቡ ውስጥ ግን ከሆነው በላይ አንዲት ቃል አልጨመረም።

ማታ ከእራት በፊት ደብተሮቹን ይዞ መጣ። ዓይኑ የራሱን ደቃቅ ጽሑፍ ብዙ ማንበብ ስለማይችል እኔ እንዳነብለት ፈለገ። የአየር ጠባይ አጥኚዎቹ ዘንድ እንሄዳለን፣ የምንሄደው ግን ብየዳ ያልነካው ንጹሕ ነገር ይዘን ነው አለኝ። ከመጀመሪያው ደብተር ጀመርን። በየቀኑ ከሥራ ስመለስ እየጠበቀኝ እስካሁን እዚያው ላይ ነን፤ ገና ስድስተኛው ደብተር ነው። ይደክመኛል። ጉሮሮዬ ደርቆ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ አጠገቡ እቀመጣለሁ።

«ሰኞ፣ አርባ አንድ።»

«ሰርዢ።»

«ማክሰኞ፣ ሠላሳ።»

«ሰርዢ።»

«ረቡዕ፣ ሃምሳ ሁለት። ከባድ ዝናብ ይመጣል ብለህ ከሥሩ አስምረህበታል።»

«ሰርዢ አልኩሽ።»

እንዲህ እያልን ቅዳሜን እናልፋለን። እሁድ ላይ ስንደርስ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። እሱም ግማሽ ጆሮውን ወደ እኔ ያስጠጋል።

«እሁድ።»

«ስንት?»

«ሁለት።»

«እሷን ተያት» ይላል።